የአያ ቢያዝን ወተት ለምን መረረ

ከአይከል ወደ ጎንደር ስመለስ የተሳፈርኩበት መኪና ጎማው ባይፈነዳ ኖሮ አያ ቢያዝንን አላውቃቸውም ነበር። እኔ የአረም ባለሙያ ነኝ፤ ሳይጠይቁኝ እመክራለሁ፤ በዚህ ጠባዬ ወዳጅ አይበረክትልኝም። ሽማግሌው ከመንገዱ ዳር፣ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነበርና፣

«ምነው ፀሐይ ላይ ትቆማለህ ልጄ? ግባ እንጂ» አሉኝ።

ስማቸውን ነግረውኝ በጣሳ ወተት ቀዱልኝ። አንድ ጊዜ ብጎነጨው መረረኝ፤ ይሉኝታ ይዞኝ ዋጥኩት። ግቢያቸውን ዞር ብዬ ሳይ ነጫጭ አበባ ባለው አረም ተሸፍኗል።

«አያ ቢያዝን፣ ይህን አረም ማን አመጣብዎ?»

«ማን ያመጣዋል? እግዜር ያበቀለው ነው። አበባውም ሸጋ ነው።»

«እግዜርማ ያበቀለው ሌላ አገር ነበር። ቅንጨ አረም ይባላል። ከባሕር ማዶ ከእህል ጋር ተደባልቆ መጣ ይላሉ። ከዚያ የባቡር ሐዲዱን፣ የመኪናውን መንገድ ተከትሎ አገሩን አዳረሰው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ጎማ ላይ በተጣበቀ ጭቃም፣ በጆንያም ይጓዛል። እዚህ መኪና ይቆማል?»

ፊታቸው በራ። «ይቆማል እንጂ! የመተማ ሹፌሮች ሰሊጡን ጎንደር አራግፈው ሲመለሱ እዚህ አረፍ ይላሉ። ማኪናቸውን እጠርግላቸዋለሁ፤ ጥራጊውን ለዶሮዎቼ እበትነዋለሁ።»

«አረሙን በእጅዎ እየዘሩት ነው እኮ! ከእንግዲህ ግቢዎ ውስጥ አይጠረግ። ውጭ ይጠረግና ይቃጠል።»

«እንዲያማ ካልኳቸው ሌላ ቦታ ይቆማሉ» አሉ ቀዝቀዝ ብለው። «ወለላ ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ። ልጅ አልሰጠንም። ጎረቤቴ እቴነሽ ለልጅ ልጇ ወተት ልትወስድ ማለዳ ማለዳ ትመጣ ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ እሷም ቀረች። ምን እንዳስቀየምኳት እንጃ። እነዚህንም ላባርርልህ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። የተማረ ሰው ግን ዝም ማለት አልተማረም።

«ላሚቱ ሣር ስታጣ ይህን አረም ትበላለች?»

«ትበላለች። ምን ታድርግ?»

«ወተቱ የመረረው ለዚህ ነው።»

ጣሳውን ከእጄ ወስደው ቀመሱት።

«ለካ አንተንም ይመርሃል!» አሉ በዝግታ። «እኔ እኮ ወለላ ከሞተች ወዲህ እህል ውሃው ሁሉ አልጥም ስላለኝ፣ ምሬቱ ከአፌ መስሎኝ።»

ጣሳውን ተቀብያቸው አስቀመጥኩት።

«እቴነሽስ?» አሉኝ።

«አላስቀየሟትም። መረረ ከምትልዎ መቅረት ቀሏት ይሆናል።»

ከዚያ ተነሥተው አንዱን አረም ከነሥሩ ነቀሉ። እኔም አረሙ ሲያሳክካቸው የኖረውን እጃቸውን በፌስታል ጠቅልዬላቸው፣ የመኪናው ጎማ እስኪቀየር አብረን ስንነቅል ቆየን።

በጥቅምት ተመለስኩ። ግቢው ሣር አብቅሏል፤ ላሚቱ አምሮባታል። የአያ ቢያዝን እጅ ማሳከኩን ትቷል። አረሙ ወደ ጎረቤት ማሳ መሻገሩን አቁሟል። ወተቱ ጣፋጭ ነው፤ እቴነሽም ማለዳ ማለዳ ትመጣለች። ሹፌሮቹ ግን መኪናቸው ውጭ እስኪጠረግ መቆሙ አሰልችቷቸው ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል። ቁጭ ባልንበት ስንቱ መኪና ጡሩንባ እንኳ ሳይነፋ አለፈ።

«ምክርህ ሸጋ ነበር፤ አልጸጸትም» አሉኝ መንገዱን እያዩ። «እቴነሽ ከሄደች በኋላ ያለው ቀን ግን ረዘመብኝ። አንተስ ጎንደር ማን አለህ?»

ልዋሽ አሰብኩ። «ማንም የለኝም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ቅዳሜ ቅዳሜ ና።»

ዛሬ ሰባተኛው ቅዳሜ ነው። ከመኪና ወርጄ በሩን ልገፋ ስል አያ ቢያዝን በምርኩዛቸው አገዱኝ።

«ቁም! መጀመሪያ የጫማህን አፈር ውጭ አራግፍ» አሉ። «ዘር ይዘህ ትገባለህ።»

አራግፌ ገባሁ።