ለጥላ የተቆረጠው ማንጎ

ነይ እስቲ የሺዬ፣ ወደዚህ ጠጋ በይ፤ እዚያ ጋ ፀሐዩ ይብሳል። እዚህም ያው ነው፣ ግን እኔ አጠገብ ቢያንስ ጨዋታ አለ። ማንጎ ነው የፈለግሽው? ይቺን ያዢ፣ ዛሬ ጠዋት ከአሪ ገጠር የወረደች ናት። ባልሽ እንዴት ነው? ከማዘጋጃ ቤት ወጥቶ ምሳውን በሰዓቱ ይበላል? አይበላም? ተይው፣ ለከተማ የሚሠራ ሰው የት ሆድ አለው...

እኔ ዛሬ የማወራሽ ስለ ባልሽ አይደለም። ወላሂ አይደለም። ስለ አንድ ሰው ነው። ስሙ ምን ያደርግልሻል?

ይሄ ሰው በጣም የተማረ ነው። ትልቁ የንግድ መንገድ በጂንካ ሊያልፍ ነው ሲባል፣ ከተማዋ አረንጓዴ ካልሆነች የፕሮጀክቱ ገንዘብ አይለቀቅም አሉት አሉ። ካርታውን ገልጦ ቢያይ፣ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ ላይ ምን ቆሟል? ማንጎ። እኛ ስንት ዓመት ፍራፍሬ የሸጥንበት፣ አሥራ አንድ ሴት ከነዘንቢሏ የሚያስጠልለው ማንጎ። ካርታው ላይ ደግሞ ዛፍ የለም። ታዲያ ምን ያድርግ? አረንጓዴው ቦታ እንዲገባ ዛፉን አስቆረጠዋ። ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል ይሉ የለ? እሱ አርቆ አሳቢ ነው፤ እምቧጮው እንዳይሸማቀቅ ቀድሞ ቦታውን አመቻቸለት።

ደግሞ አባካኝ አይደለም። በማንጎው ቦታ ምን ቢተክል ጥሩ ነው? ማንጎ። ከክንዴ የማትበልጥ ችግኝ... እዚያ ታፔላው ሥር ነበረች። ፍየል እንዳይበላት ዙሪያዋን አሳጠረላት። አጥሩ ከምን ተሠራ? ከትልቁ ማንጎ ቅርንጫፍ፣ ከነቅጠሉ። ፍየሎቹ መጀመሪያ አጥሩን በሉ። አጥሩ ሲያልቅ ችግኟን አገኟት። አሁን የቀረው ታፔላው ነው፤ «ዛፉን እንንከባከብ» ይላል። ጽሑፉ አረንጓዴ ስለሆነ እሱም ሪፖርት ውስጥ ገብቷል አሉ።

መንገዱማ ንግድ አምጥቷል፣ አልዋሽም። የአሪ ማንጎ በአይሱዙ ይወጣል፣ በካርቶን የታሸገ የማንጎ ጁስ በአይሱዙ ይገባል። ሾፌሮቹ ድሮ መንገዱ ኮረኮንች ሆኖ ሲያስቸግራቸው ወርደው ይገዙን ነበር። ዛሬ አስፋልቱ ስለማያስቆማቸው በመስኮት እጃቸውን ያውለበልቡልናል። ሰላምታም ቢሆን እኮ እድገት ነው።

የምርቃቱ ዕለት እንግዶች መጡ። ለእነሱ ድንኳን ተጣለላቸው። ይሄ ሰው ጉቶው ላይ ወጥቶ ስለ ጥላ ጥቅም አርባ ደቂቃ ተናገረ፤ እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን አጨበጨብን። ከዚያ እትዬ ቦሼን አስጠራት። ታውቂያት የለ፣ እዚያ ጥግ ሙዝ የምትሸጠዋን? በዚያ ማንጎ ሥር አንድ ልጇን አዝላ ሙዝ እየሸጠች፣ ያንን ልጅ ኮሌጅ ያስገባችውን። ልጇን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ እኔ አልገባበትም።

እጇን ይዞ ለእንግዶቹ አሳያት። «አንዲት የፕሮጀክታችን ተጠቃሚ እናት ናቸው» አለ። ሐሰት ተናገረ? እናት ናት። የማን ብሎ የጠየቀው አልነበረም... የፕሮጀክቱ ስም የተጻፈበት ጃንጥላም ሰጣት፣ ፎቶ ተነሡ። እንግዶቹ እንደሄዱ የንብረት ክፍሉ መጥቶ ጃንጥላውን ተረከባት፤ ለሚቀጥለው ተጠቃሚ ያስፈልጋል ተብሎ። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ልጄ ለመንግሥት ዕቃ ጠንቃቃ ነው» አለች። ልጄ ትላለች እንግዲህ... ፀሐይ አናት ሲመታ ሰውን ከሰው ያምታታል መሰለኝ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። ያ ግን ብዙ ለወለደች መጽናኛ ነው፤ እትዬ ቦሼ የወለደችው አንድ ነው።

ሐሙስ ዕለት ደብዳቤ ደረሳት። ማንበብ አትችልም፣ ፊርማውን ግን ለየችው። ማኅተሙን ሳመችና «ሐፍሳ፣ ምን አለኝ? አንብቢልኝ» አለችኝ። አነበብኩት። ለአረንጓዴው ቦታ ውበት ሲባል እስከ ሰኞ ከነሙዟ እንድትነሣ ይላል። እኛ እንኳ ዘንቢላችንን አንጠልጥለን ሌላ ጥግ እንፈልጋለን፤ እሷ በዚያ ጉልበቷ ወዴት ትሂድ? ምላሴ እንዴት ይታዘዘኝ፣ የሺዬ? «ሰላም ብሎሻል፣ ናፍቆሻል» አልኳት። አለቀሰች፣ ደስ ብሏት። ሰላም ካላት ሦስት ወሩ ነው አሉ... ይኸው ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ይዛው ትውላለች። ሰኞ ሊያስነሷት ሲመጡ እሱን አውጥታ ልታሳያቸው ነው፣ ልጄ ጽፎልኛል ብላ።

ተናደድሽ እንዴ ትይኛለሽ? አዎ፣ በግኛለሁ። በአንቺ ግን አይደለም፤ አንቺ ምን አደረግሽ?

በይ፣ ይቺ ሦስተኛዋ ምራቂ ናት፣ ጣፋጯን መርጬልሻለሁ። ለመሆኑ ስንት ወር ገባሽ? ሰባት? ማሻአላህ፣ አያስታውቅብሽም። ወንድ ነው አሉሽ? እንግዲያው አላህ በሰላም ያገላግልሽ። ያሳድግልሽ፣ ያስተምርልሽ፣ ወንበር ላይ ያስቀምጥልሽ። ቁርጥ አባቱን ይሁን። ስታረጂም አባቱ ለእናቱ ያደረገላትን ሁሉ፣ አንድም ሳያጎድል፣ ለአንቺ ያድርግልሽ...

አሜን በይ እንጂ፣ የሺዬ።