በውሃ ውስጥ የተመዘነው መዳብ

መዳብ አቅላጩ ሽማግሌ፣ ትምህርቷን ከጨረሰች ልጃቸው ጋር ከገበያ ሲመለሱ፣ መንገዱ መታጠፊያ ላይ የሠላሳ ዓመት ባልንጀራቸው ከሆኑት መዳብ ሻጭ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሻጩ ለሰላምታ ጎንበስ አሉ፤ ሽማግሌው ግን ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ አለፉ።

«ምነው አባባ? ጋሼ እኮ ሰላም እያሉዎ ነው።»

«ከሌባ ጋር ምን ሰላም አለኝ! እርሳስ የተቀላቀለበትን መዳብ ንጹሕ ነው ብሎ ሸጠልኝ። በመዶሻ ብመታው ድፍን ድምፅ ሰጠኝ፤ ንጹሕ መዳብ ሲመቱት ይዘምራል። ነገ ማኅበራችን ፊት አቁሜ ከገበያው አስወጣዋለሁ!»

«በጆሮ ብቻ ተፈርዶ?»

«ይህ ጆሮ አንቺ ሳትወለጂም ሲፈርድ ኖሯል!»

 ቤት እንደገቡ ልጅቷ ከሻጩ የተገዛውን ጥፍጥፍ መዳብ በሲባጎ አስራ ሚዛን ላይ ሰቀለችው፤ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ ግራም። ቀጥላ እንደተንጠለጠለ ባልዲ ውሃ ውስጥ አጠለቀችው።

«መዳብ ውሃ ውስጥ ይነከራል እንጂ ይመዘናል? ቀጥለሽ ደግሞ ቀቅይው!» ብለው ሳቁ አባት።

ከመዳቡ ጎን አረፋ ተከታትሎ ወጣ። እስኪያባራ ጠበቀችና አነበበች፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ።

«ሁለት መቶ ግራም ጎደለ፤ ገፍቶ ቦታውን የያዘበት ውሃ ክብደት ያ ነው። ሙሉ ክብደቱን ለጎደለው ሲያካፍሉት ስምንት ነጥብ ዘጠኝ ይመጣል። መዳብ እኩል ቦታ ከሚይዝ ውሃ ይህን ያህል እጥፍ ይከብዳል። እርሳስ ከአሥራ አንድ ያልፋል፤ እንደ ልብ ቢቀላቀልበት ኖሮ ቁጥሩ ከዘጠኝ በላይ ይወጣ ነበር።»

«እሱ ያንቺ ቁጥር ነው። እኔ የማምነውን ልመዝን!»

ሽማግሌው ለግንበኛ ወንድማቸው ከንጹሕ መዳብ ያፈሰሱትን የግድግዳ ማቅኛ ቱምቢ አመጡ። በአየር አራት መቶ አርባ አምስት፣ በውሃ ሦስት መቶ ዘጠና አምስት። ወለሉ ላይ በከሰል ሦስት ጊዜ አካፈሉ። ስምንት ነጥብ ዘጠኝ!

«ትንሹም ትልቁም አንድ ቁጥር?»

«መጠኑ ቢለያይም ባሕርዩ አንድ ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን አልዘመረም?»

አረፋው የወጣበትን ጎን አዙራ አሳየቻቸው። ዝማሬውን ያፈነች፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች።

ሽማግሌው በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ እውነተኛውን ሰው አቀለልኩት።»

በማግስቱ ማኅበሩ ፊት ባልዲና ሚዛን ይዘው ቆሙ። «ክስ ነበረኝ፤ ጥፋተኛው ግን የገዛ ጆሮዬ ነው። ይቅር በለኝ ወንድሜ!»

«ጆሮህንም እንመዝነው እንዴ?» አሉ ሻጩ እያቀፏቸው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ገበያ መዳብ በውሃ ስለሚመዘን ገዢ አይታለልም፤ ሻጭም ያለ ጥፋቱ አይታማም። ሽማግሌው መዶሻቸውን አልጣሉም። ዛሬም ቀድመው ይመታሉ፣ ያዳምጣሉ፤ ፍርዱን ግን ለውሃው ይተዉለታል።