ከሐይቁ መሃል የተሰረዘው ነጥብ

«ሰውዬው ግን ምን ሠርቶ አለፈ?»

«ምንም። ሲሰርዝ ነው የኖረው።»

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ የአማተር ሬዲዮ ማኅበራችን አባላት፤ ይህን የሰማሁት አሁን ከበሩ ስንገባ ነው። የተናገራችሁት ሰዎች እዚሁ መሃላችን ናችሁ፤ አትደንግጡ። ልክ ናችሁ። እኔም ያዘጋጀሁትን ትቼ ከእናንተው ልጀምር።

ወዳጃችን ሲሰርዝ ኖረ። ስሙን ትተን «ላጲስ» ያልነው ለዚህ ነው። ለማታውቁት፦ እኛ ሬዲዮ የምንነካካ ሰዎች ያለንበትን ቦታ መሣሪያችን በአየር ይልካል፤ ድረ ገጻችን ተቀብሎ ካርታ ላይ ነጥብ ያደርገዋል። መሣሪያ ደግሞ እንደ ሰው ይቀባጥራል። አንዲት ቁጥር ትሳሳትና የዳቦ ጋጋሪው ቤት ውቅያኖስ መሃል ቁጭ ይላል። ይህን ሲያጠራ የኖረው ላጲስ ነው፤ ከጥገና ሱቁ፣ እግሯ በሽቦ የታሰረች ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያለ ደመወዝ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ምስጋና።

ደንቡ አጭር ነበር። ባለቤቱ በገዛ ድምፁ «ስህተት ነው» ካላለ አይሰርዝም። ባለቤቱ ቢልም ራሱ ካላረጋገጠ አይሰርዝም።

አንድ ባልደረባችን (ዛሬ ከሚስቱ ጋር ስለመጣ ሙያውን አልናገርም) እያለከለከ ሱቁ ገባ። መሣሪያው የተገጠመላት መኪናው በሥራ ሰዓት፣ መቆም በሌለባት ደጃፍ ቆማ ካርታው ላይ ትታያለች።

«ላጲስዬ፣ በሞቴ፣ ስህተት ነው በልልኝ!»

ላጲስ መነጽሩን አስተካክሎ አየ። «ስህተትስ ስህተት ነው» አለ። «የመሣሪያው ግን አይደለም።»

አልሰረዘለትም።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እሱም ይስቅ ነበር። ልጁ ከሐይቁ እስኪቀር ድረስ።

ያን ቀን ታስታውሳላችሁ? ነፋሱን ታስታውሳላችሁ? ልጁ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ እንደ አባቱ ሬዲዮ ወዳድ። ጀልባዋ አልተመለሰችም። አስከሬን አልተገኘም። የተረፈው ካርታው ላይ፣ ከሐይቁ መሃል፣ መሣሪያው መጨረሻ የላከው አንድ ነጥብ ነው።

እናቲቱ ነጥቡን ጠላችው።

«ሰርዘው» አለችው። «የሰውን ሁሉ ስትሰርዝ አይደል የምትውለው? የልጅህ ጊዜ እጅህ አጠረ?»

«አጣርቼዋለሁ እኮ አንቺ።»

«ደግመህ አጣራ!»

ደግሞ አጣራ። መልእክት የሚቀበሉ ሁለት ጣቢያዎች፣ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ዳርቻ፣ ሰምተውታል። ቦታው ያው ነው። ስንቱን ውሸት የሰረዘ ሰው፣ ውሸት በሆነ ብሎ የለመነው አንዱ ነጥብ እውነት ሆኖበት ቀረ። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ እሷ «ሰርዝ»፣ እሱ «አጣርቼዋለሁ»። በእሱ ማን ይፈርዳል? በእሷስ?

አምና አልጋ ያዘች። ሐኪሙ ዐይን ዐይናችንን ማየት ተወ። ልጠይቃት ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ላጲስ ኮምፒውተሩን አምጥቶ አልጋዋ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ደንቡን ያወጣው ሰው፣ እኔ እያየሁት፣ ነጥቡን ሰረዘ።

«ስህተት ነበር» አላት። «መሣሪያው ነው።»

ሐይቁ ባዶ ሆነ፤ ሰማያዊ ብቻ። ፊቷ በራ። እጁን ያዘችና፣

«ታዲያ የት ነው ያለው?» አለችው።

ወገኖቼ፣ የሁላችንን ቦታ የሚያውቅ ሰው ምን ይበል? ምን ብሎ ይመልስ? ብርድ ልብሷን አስተካከለ። ደግማ ጠየቀችው፤ ትራሷን አስተካከለ። እሷ መልሱን እየጠበቀች አረፈች። እሱም ከዚያ ወዲህ ሱቁን ይከፍት ነበር እንጂ፣ የተበላሸ ነገር ሲነካ ያየው የለም። የገደለው ልቡ ነው ይላል የሐኪሙ ወረቀት። ወረቀቱን አላርመውም።

ላጲስ፣ ወንድሜ። ስንቱን ከውቅያኖስ አውጥተህ ቤቱ መለስክ። ያንተን ልጅ ግን ማንም አልመለሰልህም። አሁን ይብቃህ። እኛ ስንሳሳት አትስማ፤ ብንጠራህም አትነሳ። ደህና ሁን።

የልጁ ነጥብ የተሰረዘው ከእኛ ካርታ ላይ ብቻ ነው። ከእኛ የሚቀዱ ሌሎች ድረ ገጾች አሉ፤ እነሱ ላይ ዛሬም አለ።