ስልኬን አላስረክብም

ክርክር እኔን አይቶ ይመጣል መሰለኝ፣ በደረስኩበት ሁሉ አይጠፋም። የዚያን ዕለት ጠዋትም ከሀና ማርያም ወደ ጀሞ ስነዳ አሮጌዋ መኪናዬ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። ደግነቱ የቆመችው ከጋሽ ጉተማ ጋራዥ ፊት ለፊት ነበር። ጋሽ ጉተማን የማውቃቸው በዕድር ነው። አባታቸው ጤፍ ያርሱበት በነበረው መሬት ላይ ጋራዥ ከፍተው ዕድሜያቸውን የገፉ፣ የሞተር በሽታ በጆሯቸው አዳምጠው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

በሩ ላይ አንዲት ቱታ የለበሰች ወጣት ስልኳን በእጇ ይዛ ቆማለች። እፀገነት ትባላለች፤ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመርቃ እዚያው ጋራዥ በለማጅነት ከተቀጠረች ዓመት ሊሞላት ነው። አጠገቧ ከበሩ ጋር የተቸነከረ የእንጨት ሣጥን አለ። የጋራዡ ሠራተኞች ጠዋት ሲገቡ ስልካቸውን እዚያ ውስጥ ያስረክባሉ፣ ማታ ሲወጡ ይቀበላሉ። የዚያን ቀን እፀገነት አላስረክብም ብላለች። ጋሽ ጉተማም ከስልክሽና ከሥራሽ አንዱን ምረጪ ብለዋታል። እሷ ሁለቱንም መርጣ በሩ ላይ ቆማለች።

ጋሽ ጉተማ እኔን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። «መምህር፣ እግዜር ነው የላከዎት። ይህችን ልጅ ይምከሩልኝ» አሉ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምከር የሚለኝ ሰው ስለጠፋ ደስ አለኝ፤ ቢሆንም መጀመሪያ ክሱን ልስማ አልኩ።

ክሳቸው ቀላል አልነበረም። ኢሉ የሚባል ሠራተኛቸው አንድ ቀን ጎማ እያሰረ በስልኩ ጭፈራ እያየ ይስቅ ነበር። ብሎኖቹን ሳያጠብቅ መኪናውን ለባለቤቱ አስረከበ። ጎማው ላፍቶ ላይ ወልቆ ሄደ፤ ሰው የተረፈው በተአምር ነው። ጋሽ ጉተማ ሽማግሌ ይዘው የባለመኪናውን ቤት ደጅ ጠኑ፤ በዕድሜያቸው እንደዚያ ተዋርደው አያውቁም። ሣጥኑን የቸነከሩት በማግስቱ ነው፣ በገዛ እጃቸው። ይህን ስሰማ ልቤ ወደ እሳቸው አደላ፤ «እውነትዎን ነው» አልኳቸው።

እፀገነት ግን አንገቷን አልደፋችም።

«ጋሼ፣ ኢሉ ማጥፋቱ እውነት ነው። ለእሱ ጥፋት ግን እኔ ለምን እቀጣለሁ? ከሰው ጋር ሲያወራ ብሎን ቢረሳ ኖሮ ምላሳችንን ያስረክቡን ነበር?»

«ስልክ ጨዋታ ነው፣ ልጄ። ሙያ በልብ ነው» አሉ ጋሽ ጉተማ ቁጣቸውን ዋጥ አድርገው። «እኔ ሙያ የተማርኩት በጥፊ ነው። ጌታዬ አንዴ ያሳየኛል፤ መልሼ ከጠየቅሁ ጥፊ ነው። ይኸው ሰው ሆንኩ።»

«ያስተማሩዎት ሰው የኤሌክትሪክ መኪና አይተው ያውቃሉ?»

ጋሽ ጉተማ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ቁስላቸውን ነክታባቸዋለች። ሰሞኑን መንገዱን የሞላው በባትሪ የሚሄደው መኪና ነው፤ እሳቸው ደጅ ሲደርስ ግን «ይሄን እኛ አንነካም» ተብሎ ይመለሳል። አንድ መኪና በመለሱ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ሠራተኞቻቸውን ሲቆጡ እንደሚውሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በማያውቁት ነገር መቆጣት ከመማር ይቀላል፤ እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም።

እፀገነት ረጋ ብላ ነገሩን ዘረዘረችልኝ። ጠዋት ጀሞ የታክሲ ወረፋ ላይ ቆማ፣ ታክሲ ውስጥም ተቀምጣ፣ የኮሌጁ መምህራን በቴሌግራም የሚልኩትን አጫጭር ትምህርት ታጠናለች። ያልገባትን ትጠይቃለች፣ ማታ መልስ ይመጣላታል። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ትምህርቱ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ያጠናችውን ክፍል ዓይኗ ሥር ተፈትቶ ስታገኘው ሥዕሉን አውጥታ ማስተያየት አትችልም። «ትምህርቱ ሣጥን ውስጥ፣ መኪናው ጋራዥ ውስጥ እየዋሉ መቼ ነው የሚገናኙት?» አለች።

ጋሽ ጉተማ ወደ እኔ ዞሩ። በስልክ የሚለቀቀው ግማሹ ውሸት ነው፤ ሥራ ፈት ሁሉ መምህር ነኝ ይላል፤ ይህን እርስዎ ራስዎ ያውቃሉ አሉኝ። አውቃለሁ። እፀገነትም አልካደችም። አንድ ጊዜ የፍሬን ዘይት ስለ መቀላቀል ያየችው ቪዲዮ አሳስቷት፣ መምህሯ በቴሌግራሙ ቡድን ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት እንዳረማት ተናገረች።

«ውሸታም ሰውም ሞልቷል፣ ጋሼ» አለች። «በእሱ ምክንያት ጆሯችንን በር ላይ አናስቀምጥም። ሰምተን እናጣራለን።»

መልሷ ጣፈጠኝ። ቢሆንም ሽማግሌ ነኝና ለጋሽ ጉተማም መውጫ ልፈልግላቸው ብዬ፣ ጌታዎ የሚያውቁትን ሁሉ አስተምረውዎት ነበር ወይ ስል ጠየቅኋቸው። ከልባቸው ሳቁ። ጌታቸው ቫልቭ ሲያስተካክሉ ለማጅ እንዳያይባቸው ጀርባቸውን ይሰጡ ነበር አሉ፤ የእንጀራ ገመዳቸው ናታ። እሳቸው ታዲያ ምን ያደርጋሉ፣ ጌታቸው ሳያዩ አጠገብ የቆመውን መኪና ስፖኪዮ ያዞሩና የሰውየውን እጅ በመስታወቱ ይመለከታሉ። ሙያውን የያዙት እንዲያ ነው። ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው ውስጥ የልጅነት ተንኮል ነበር።

እፀገነት ሳቃቸው እስኪያልቅ ታገሠች።

«እርስዎም ሞተር ሲያስተካክሉ ጀርባዎን ይሰጡናል» አለች። «ይሁን፣ ወግ ነው። እኔም የያዝኩት ስፖኪዮ ነው፤ ሩቅ ያለውን ሰው እጅ የማይበት። የእርስዎን መስታወት ግን ማንም በር ላይ አልነጠቀዎትም።»

ጋሽ ጉተማ ፊታቸው ተለዋወጠ። የተሸነፉ መስሎኝ ነበር። ሰው ግን እውነት ሲነገረው ወዲያው አይሸነፍም፤ መጀመሪያ እልህ ይይዘዋል። እሳቸውንም እልህ ያዛቸው።

በዚህ መሀል ወይዘሮ ቀመሪያ ደረሱ። ጀሞ ልብስ የሚነግዱ፣ የጋሽ ጉተማ የቆየ ደንበኛ ናቸው። በቅርቡ የገዙት የኤሌክትሪክ መኪና ድንገት ድርግም ብሎባቸው በሌላ መኪና አስጎትተው አመጡት። ጋሽ ጉተማ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይመልሱት ነበር። የዚያን ቀን ግን ልጅቱ እያየቻቸው አልመልስም አሉ። መኪናውን ወደ ግቢው አስገቡና ኮፈኑን ከፈቱ።

የድሮ መካኒኮች አንድ ልማድ አላቸው። ኤሌክትሪክ መድረስ አለመድረሱን ለማወቅ ሽቦውን ከብረት ጋር ነካ አድርገው ብልጭታውን ያያሉ። በነዳጅ መኪና ትንሽ ባትሪ ይህ ቢበዛ ጣት ያስደነግጣል። ጋሽ ጉተማ ካቻቢቴያቸውን አነሱና ወደ አንድ ወፍራም ብርቱካናማ ገመድ ጎንበስ አሉ። ሽፋኑን ፈልቅቀው ብልጭታውን ሊያዩ ነው።

እፀገነት በሩን አልፋ ገባች። ስልኳ በእጇ ነው። በእሳቸውና በመኪናው መሀል ገብታ ቆመች።

«አይነኩትም።»

«ዞር በይ፣ አንቺ ልጅ።»

«አልዞርም። ከፈለጉ አሁኑኑ ያባሩኝ። ከዚህ ግን አልነቃነቅም።»

ኢሉና ሌሎቹ ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ያዩ ጀመር። በዚያ ጋራዥ ለጋሽ ጉተማ አልዞርም ያለ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ልጅቱ አበዛችው ብዬ ነበር። እሷ ግን ከገመዱ አጠገብ የተለጠፈችውን ቢጫ ጽሑፍ አሳየቻቸው። ጽሑፉ ቻይንኛ ነው፤ ከግቢው ሰው ማንም አያነበውም። የስልኳን ካሜራ ከጽሑፉ በላይ ያዘችና፣ ስልኩ ወደ አማርኛ ሲተረጉመው በጋሽ ጉተማ እጅ አስቀመጠችው። ራስዎ ያንብቡት አለቻቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። አማርኛው የተሰባበረ ነበር፣ መልእክቱ ግን ግልጽ ነው። ከፍተኛ ኃይል፤ ሞት ያመጣል፤ ማቋረጫ ሳይነቀል መንካት ክልክል ይላል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፣ ቀጥለው ለራሳቸው ደገሙት። ካቻቢቴው ከእጃቸው ወደቀ።

«ያ ዋቃ» አሉ በቀስታ፣ ፈጣሪያቸውን በኦሮምኛ ጠርተው።

እኔም አጠገቤ የነበረ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

«አሁን ምን ይሁን?» ሲሉ ጠየቋት ጋሽ ጉተማ። ሰውየው ለማጃቸውን ሲጠይቁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

ልጅቱ ሁሉን አውቃለሁ አላለችም። ትልቁን ባትሪ ለመንካት ልዩ ጓንትና ሥልጠና ያስፈልጋል፣ እኔ ሁለቱም የለኝም አለች። ነገር ግን እንዲህ ያለ መኪናም እንደ ሌላው ትንሽ ባትሪ እንዳለው፣ ትንሿ ባትሪ ከደከመች መኪናው በሙሉ እንደማይነቃ ተምራለች። «ትንሿን ባትሪ ደግሞ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም» አለቻቸው።

ጋሽ ጉተማ ትንሿን ባትሪ ገና ሲያዩዋት ጫፏ ላይ የተጋገረውን ነጭ ዱቄት አስተዋሉ። ለኩ፤ ሞታለች። አጽድተው ኃይል ሞሉላት። መኪናው ነቃ፣ ወይዘሮ ቀመሪያም መርቀውን ሄዱ። ትምህርትና ልምድ አንድ ላይ ሲሠሩ ሥራው እንዲህ ይቀላል።

ጋሽ ጉተማ እጃቸውን እየጠረጉ ወደ እፀገነት መጡ። «እሺ፣ አንቺ ስልክሽን ይዘሽ ግቢ» አሏት። እሳቸው ይህ ትልቅ ስጦታ መስሏቸዋል።

«ለእኔ ብቻ ከሆነ አልገባም» አለች። «ኢሉስ? እሱ መማር አይገባውም? አንድ ሰው የሚያውቅበት ጋራዥ ያ ሰው በቀረ ቀን ይዘጋል።»

«ላፍቶ ላይ የወለቀው ጎማስ?»

«መኪና ሥር የተኛ፣ ብሎን የያዘ ሰው ስልክ አይነካም። የነካ ይባረር፤ እኔም ብሆን። ለመማርና ለማስተያየት ግን ስልካችን ከእኛ ጋር ይዋል።»

ጋሽ ጉተማ ኢሉን ጠሩና ሣጥኑን ንቀለው አሉት። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሁሉም አንድ ላይ ተቀምጦ እንዲማር የወሰኑትም ራሳቸው ናቸው። «እኔም እቀመጣለሁ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። የእኔን አሮጌ መኪና ያስነሱልኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እኔ ያየሁትን እመሰክራለሁ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ በር ሳይታይ የሚመለስ መኪና የለም። ሁለት ሠራተኞች ሥልጠናውን ወስደው ጓንቱ ተገዝቷል። ጋሽ ጉተማ የታመመ ሞተር ድምፅ ያስቀርጹና በዚያው ቅጂ ላይ በሽታውን ይናገራሉ፤ ለማጆቹ ታክሲ ውስጥ ያዳምጡታል። በዚህም ሽማግሌው በጆሯቸው የያዙት ሙያ አብሯቸው ከመቀበር ተረፈ። ስልክ ሰነፍን ያሰንፋል፣ ትጉን ያተጋል። የሰነፉን ፈርተን ከትጉው ላይ መንጠቅ ግን ማንንም አልጠቀመም።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ጎረቤታችን ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ ደገፋ የሚባል ሌላ ባለጋራዥ በጋሽ ጉተማ ላይ ይቀልድ ጀመር። ጉተማ በስተርጅና ተማሪ ሆነ፣ ሴት ልጅ አዛዥ ተሾመችበት እያለ አጠገቡ ያሉትን አሳቀ። ጋሽ ጉተማ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጥ ብለው አዩት።

«ደገፋ፣ ያቺ ልጅ ያን ቀን ዞር በይ ስላት ብትታዘዘኝ ኖሮ ይህ ድንኳን ቀድሞ የሚተከለው እኔ ደጅ ነበር። አንተም ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠህ፣ ጉተማ ደግ ሰው ነበር ትል ነበር።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሰዉ መበተን ሲጀምር ደገፋ ወደ ጋሽ ጉተማ ጠጋ ብሎ፣ ልጅቱ የእሱንም ሠራተኞች እንድታስተምር እንዲነግሯት ለመናቸው።

«እኔ እሷን አላዝም» አሉት። «ራስህ መጥተህ ጠይቃት።»