በሊባን ግራ በኩል የመጣችው ኳስ

በእኛ ጊዜ ገና ስንጫወት ዳኛ የለ፣ መስመር የለ፣ ሩሯን፣ የእንጨት ኳሷን፣ ያገኘ ሰው ቆልማማ ዱላውን አንስቶ ይለጋታል፣ ጥርስ ቢወልቅም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ይታለፋል፤ እና እኔ ሰላሌ እያለሁ ፈጣን ከሚባሉት ነበርኩ። ለጉራ አይደለም የምነግራችሁ። ፍጥነትን የማውቅ ይመስለኝ ነበር ለማለት ነው፣ ጅጅጋ መጥቼ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ስሸጥ አርጅቼም ይመስለኝ ነበር፣ ሊባን እስኪመጣ ድረስ።

ሊባን የሐጂ ዑስማን ልጅ ነው፣ ከሱቄ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ። ልጅ ሆኖ ከአክስቱ ጋር ስዊድን ሄደ፣ እዚያ አደገ፣ እና የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ሆነ። ለመዝናኛ እንዳይመስላችሁ፣ እንጀራው ነው፣ ደመወዝ የሚበላበት። ታዲያ ከለውጡ በኋላ ከውጭ ብዙ ሰው ሲመለስ እሱም ክረምቱን ሊያሳልፍ መጣ። አማርኛው ልጅ ሆኖ የሄደበት አማርኛ ነው፤ ይሄ ትከሻው በር የሚሞላ ጎልማሳ፣ አፉን ሲከፍት የሰፈር ሕፃን ነው። እኔንም «አዴር፣ አንተ» ነው የሚለኝ፣ አጎቴ ማለቱ ነው፣ «እርስዎ»ን ገና ሳይማር ነው የሄደው።

አንድ ቀን ሐጂ ሱቄ ገቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በቀለ፣ ልጄ አንተን ይሰማል። እዚሁ ቅር በለው። እዚያ በረዶ ላይ ሲላተም አንድ ቀን ሬሳውን ይልኩልኛል» አሉኝ። እሺ አልኩ፣ ጎረቤት ምን ይላል ታዲያ?

ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ሲሚንቶ የተለሰነው ሜዳ ላይ፣ ከሥሩ ትንንሽ ጎማ ባለው ጫማው እየተንሸራተተ በዱላ ኳስ ከግድግዳ ጋር ያላትማል። አባትህ አርጅተዋል፣ ሱቁም ሰው ይፈልጋል፣ እያልኩ መምከር ስጀምር አላስጨረሰኝም።

«አዴር፣ አንተ መጀመሪያ ጎል ውስጥ ቁም። ከዚያ ምከረኝ።»

የሞተር ቆብ ራሴ ላይ ደፋልኝ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ኳሷ የቴኒስ ኳስ ናት። እዚያ የሚጫወቱባት ግን ክብ አይደለችም አለኝ፣ ጠፍጣፋ ጎማ ናት፣ የጫማ ቀለም ጣሳ የምታክል፣ እንደ ድንጋይ የደረቀች። ታዲያ «ተዘጋጅ» አለኝ። ዱላው ወደ ኋላ ሲሄድ አየሁ። ከዚያ ከጆሮዬ ሥር ግድግዳው ጧ አለ። በመሃል የሆነውን አላየሁም፣ ስሙኝ፣ ኳሷን ጭራሽ አላየኋትም።

«ይሄ በቀስታ ነው» አለኝ ልጁ።

እና እንዴት ነው እዚያ ስለው ተቀመጠና አጫወተኝ። በረዶው ላይ ስትሮጥ መቆም የለም አለ፣ አንተም ትመጣለህ፣ ሌላውም ይመጣብሃል፣ ከካራማራ ቁልቁል ፍሬኑ የተበጠሰ አይሱዙ በለው፣ እና እሱን እያየህ ጓደኛህን ታያለህ፣ ጎሉን ታያለህ፣ እግርህ ሥር ያለችውን ግን አታያትም፣ ዱላው ነው ለእጅህ የሚነግረው። ወደ ታች ያየ ሰው ተመትቶ ነው የሚወድቀው አለኝ። ይሄን ሲያወራ ፊቱ በራ፣ እኔም የሐጂን አደራ ረሳሁት፣ ዱላ ስጠኝ አልኩና እየተቀባበልን መጫወት ጀመርን።

ሲቀበል ብታዩት። በኃይል ብሰድዳት፣ አንጥሬ ብሰድዳት፣ እሱ እኔን እያየ፣ እያወራኝ፣ ዱላው ጫፍ ላይ እንቁላል እንደሚያሳርፍ ያሳርፋታል። ይሄ ግን በቀኝ በኩል ስሰድድለት ነው። በግራው ስሰድድለት አንገቱን ሙሉ በሙሉ ያዞራል። አንዴ ዘገየ። አንዴ ደግሞ ድምፅዋን ሰምቶ ነው የያዛት። ዱላ ይዞ ያደገ ሰው ይሄ አያመልጠውም፣ በገና አጠገብህ ያለው ሰው የት እንደማያይ ካላወቅህ ጥርስህን ነው የምታጣው።

«ሊባን፣ ግራ ዓይንህ ምን ሆኗል?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው እዚያ ቁም። አንገትህን ሳታዞር በግራህ እመታልሃለሁ። ከያዝካት ለአባትህ ‹ይሂድ› እላቸዋለሁ። ካልያዝካት ትነግረኛለህ።»

ሄዶ ቆመ። ዱላውን መሬት ላይ አኖረ፣ ፊቱን ወደ ፊት ሰጠ፣ ጥርሱን ሲነክስ ከሩቅ ይታየኛል። እኔም ከጎኑ ዞሬ ቆምኩ፣ ፊቱን ብመታውስ ብዬ ፈራሁ፣ እና እንዲይዛትም ተመኘሁ፣ እውነቴን ነው፣ ይያዛትና በሐሰት ጠርጥሬው ልፈር አልኩ። ታዲያ ዝቅ አድርጌ መታሁ።

ቅልጥሙን አገኘችው። ዱላው የተንቀሳቀሰው ኳሷ ነጥራ ከሄደች በኋላ ነው።

ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። ባለፈው የጨዋታ ወቅት የባላጋራ ዱላ ከቆቤ ሥር ገብቶ ዓይኔን ወጋኝ አለ፣ ከውጭ ዳነ፣ ከውስጥ ግን ጉም ሆኖ ቀረ። የሐኪሙን ፊደል በቃሉ አጥንቶ ነው ምርመራ ያለፈው።

«ታዲያ ከግራህ የሚመጣውን ሰው በምን ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«በጫማው። በረዶውን ሲቆርጠው እሰማዋለሁ።» ደግሞ፣ «ሕዝቡ ሲጮህ ግን አልሰማውም» አለኝ።

ያ ፍሬኑ የተበጠሰው አይሱዙ ዓይኔ ላይ መጣብኝ፣ ቁልቁል ሲመጣና እሱ ሳያየው። ግን እዚሁ ቅር አላልኩትም፣ የሱ ነው እንጀራው። ለአባትህ አንተ ንገራቸው ብቻ አልኩትና አብረን ሄድን።

ሐጂ ሰሙት። አልተቆጡም። ተነሥተው ቀኝ ዓይኑን በመዳፋቸው ሸፈኑና፣ «እየኝ እስቲ» አሉት።

«ነጭ ቆብህን አየዋለሁ አባቴ። ፊትህን አላየውም።»

እና ሐጂ እጃቸውን ከፊቱ ማንሣት አቃታቸው፣ እንደያዙት ቆሙ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

አሰልጣኙ ጋ ሊባን ራሱ ደውሎ የዓይኑን ነገር ነገረው፣ ማንም አላዘዘውም። ከዚያ በኋላ ከተማውን እንደ ሐዘንተኛ ነው የዞረው፣ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ አይመልስም ነበር። ስዊድን ተመልሶ ታከመ፣ ዓይኑ አልተመለሰም፣ ሱቅም አልያዘም፤ አሁን እዚያው ጀማሪዎችን ያሠለጥናል፣ በክረምት እየመጣ አባቱን ይጠይቃል።

«ሐጂስ አልተቀየሙዎትም ጋሽ በቀለ?» ትሉኛላችሁ።

እንዴት ይቀየሙኛል? በዓመቱ ሲመጣ ግን፣ ሦስታችን ሱቄ ደጃፍ ተቀምጠን፣ ሐጂ ድንገት ወደ እኔ ዞሩና፣ «ይሄን ሰውዬ፣ ልጄን በአፍህ አስቁምልኝ ብዬ ብልከው፣ በዱላ አስቆመው» አሉ። እኔ መጀመሪያ ሊባንን አየሁት። እሱ ሲስቅ ነው የሳቅኩት።