ለጸሎት ድምፁን የቀነሰው ሞተር

ደህና ዋሉ እትዬ እጅጋየሁ! ምነው እዚህ ፀሐይ ላይ ቆሙ? ወዲህ ጥላው ሥር ይምጡ... ጎማው ላይ ይቀመጡ፣ አሁን ጠርጌዋለሁ። ከሆስፒታል መምጣትዎ ነው? ነጩን ጋዋንዎን እንኳ ሳያወልቁ! ይሁን ሸጋ ነው፣ እዚህ ጋራዥም በሽተኛ አይጠፋም።

እኔማ ለወንድሜ ምሳ ላደርስ ነው የመጣሁት። ያውልዎ፣ ከማኪናው ሥር እግሮቹ ብቻ የሚታዩት። አይሰማንም፣ ይተዉት። መዶሻ ሲሰማ የዋለ ጆሮ ምን ይሰማል?

ቁልፉን ይዘው መጡ? የባለቤትዎን የአያ አድማሴን ዲኤክስ! ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዴት አድርገው ነበር የሚይዟት! ቅዳሜ ቅዳሜ አይከል ደርሳ ስትመለስ አንድ ቀን ገፍተናት እናውቃለን? አሁንም እርስዎ አይከል ያለችውን ልጅዎን በሷ ነው የሚጠይቁት። እና ዳገት ላይ ደከመች ብለው... ወንድሜ ሞተሯን የውድድር ሞተር ሊያደርግልዎ ነው አሉ? ጎበዝ!

ይህን ስሰማ አንድ የማውቀው ሰው ትዝ አለኝ። ስም አልጠራም፣ እኔ ናዝራዊት ሰው ማማት አልወድም። ደግሞ ወንድሜ አይደለም። ወንድሜ ይኸው ተኝቷል፤ እግሮቹን ይዩዋቸው እስቲ፣ ምን የመሰለ ንጹሕ ሕሊና ያላቸው እግሮች ናቸው!

ይህ ሰው... ምርጫ ሲያውቅበት! ለአባዬ... ማለቴ ለአባቱ ዲኤክስ ካምሻፍት መረጠ። ያው ቫልቮቹን የሚከፍተው፣ ጉብታ ጉብታ ያለው ዘንግ ነው፤ ለእርስዎ ለነርሷ የሞተሩ ልብ ምት ብል ይሻላል። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ "ማኪናው የት ነው የሚሄደው? ምን ይጭናል?" ብሎ ይጠይቃል። እሱ ግን ስልኩ ላይ ለሽያጭ ከተደረደሩት ትልቁን ቁጥር ያዘ፣ ልክ የፋሲካ በግ ላቱን ዳብሶ እንደሚገዛ! ያ ካምሻፍት በደቂቃ ከአራት ሺህ ዙር በታች አይነቃም አሉ። አባትየው ደግሞ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ናቸው፤ ከሁለተኛ ማርሽ አልፈው አያውቁም። ታዲያ የት ይንቃ? ፒያሳ ባጃጆቹ መሀል?

ሞላዎቹንማ አይጠይቁኝ። ቫልቩን መልሰው የሚዘጉትን ሞላዎች አንድ በአንድ በእጁ እየጨመቀ፣ አልጨመቅ ያለውን "ይኼ ነው ወንድ!" እያለ መረጠ። የካምሻፍቱ ሻጭ የሚስማማውን ሞላ ጽፎ ነበር... እሱ ምን በወጣው ያነባል? ሞላው ከመጠን በላይ ጠንክሮ ብረቱን ጉብታው ላይ እንደ ወፍጮ ቢያስፈጨው ምን አለበት? ዱቄት ይገኛል!

ታፔት የሚሏቸው ደግሞ አሉ፣ ጉብታው ላይ የሚቀመጡት ጠፍጣፋ ብረቶች፣ ስምንት ናቸው። አዲስ ካምሻፍት ሲገባ አዲስ ታፔት ይገባል፤ አሮጌው ከአሮጌ ጉብታው ጋር ነዋ ተላምዶ የኖረው። እሱ ግን ደግ ነው፣ ሽማግሌ አያባርርም። "ልምድ አላቸው" አለና ስምንቱንም በአንድ ሳፋ አጥቦ፣ የማን ቦታ የት እንደነበር ሳይጠይቅ መለሳቸው። እንዲህ አድልዎ የማያውቅ ሰው የት ይገኛል?

ከሁሉ ከሁሉ ግን... ትሕትናው! እንዲህ ያለ ካምሻፍት መጀመሪያ ሲነሳ ወዲያው ሁለት ሺህ ዙር ተሰጥቶት ሃያ ደቂቃ ሙሉ መጮህ አለበት፤ ዘይቱ በደንብ የሚረጨው ሲሮጥ ነው። ሚኒሞ ላይ ቀስ ብሎ እንዲሠራ ከተተወ ብረት ከብረት ይፋጫል። ይህን ያውቃል፤ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ታዲያ ሞተሩ ተነስቶ ገና መጮህ ሲጀምር ማን ከች ቢል ጥሩ ነው? አባ ገብረ ኪዳን! የአባቱ የንስሐ አባት፣ መስቀልና ጠበል ይዘው፣ ማኪናውን ሊባርኩ። ማን እንደጠራቸው እንጃ... እኔ "ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል" ብቻ ነው ያልኳቸው።

እስቲ ይፍረዱ፣ ጎንደር ተወልዶ ቄስ ሲጸልዩ ሞተር የሚያስጮህ አለ? ሚኒሞ ላይ አወረደው፣ ጫማውን አወለቀ፣ አንገቱን ደፋ። አባም ሰው ዝም ብሎ ሲሰማቸው ደስ አላቸውና ለማኪናው፣ ለአራቱ ጎማ፣ ለመሪው፣ ለመንገዱ፣ ለባጃጅ ነጂው ሁሉ ጸለዩ። አርባ ደቂቃ! እሱ አንዴ ቀና አላለም፣ ላቡ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። በመጨረሻ "አሜን" ስንል ሞተሩ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አለ። አባ ገብረ ኪዳንም "ይኸው፣ እሱም አሜን አለ!" ብለው መስቀል አሳለሙት... ኮፈኑን።

አሁን ያ ካምሻፍት ጉብታ የሚባል የለውም፣ እንደ መጥረጊያ እንጨት ልሙጥ ሆኗል። እናታችን... እናቱ ማለቴ ነው... የሳሎን መጋረጃ ሰቅላበታለች። አባትየውማ በእግራቸው መሄድ ጀምረው ኪሎ ቀነሱ፣ ሐኪም ሳያዝላቸው!

እና ይስጡት እንጂ ቁልፉን! ምነው ጨብጠው ያዙት? ዳገት ላይ መድከሟ ምናልባት ካንዴላዋ አርጅቶ፣ አየር ማጣሪያዋ ቆሽሾ ይሆናል፤ ግን ያን ማጽዳት እንዲህ ላለ ባለሙያ ነውር ነው። ልጅዎንም ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ቢጠይቋት ትለምደዋለች... ምነው፣ ቦርሳ ውስጥ ከተቱት? ዚፑንም ዘጉት? ውይ እትዬ! እኔ እኮ ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራው!

እግሮቹን ይዩዋቸው፣ እንዴት ጸጥ እንዳሉ... ጣቶቹ ሁሉ ተጨብጠዋል። እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል፣ የኔ ጌታ።

ይሂዱ እንግዲህ፣ ፀሐዩ ሳይጠናብዎ። እኔም ያንን ስሙን የማልጠራውን ሰው መርቄው ልሂድ። እግዜር እጁን ይባርክለት። ያንን ደግ ልቡን አይቀይርበት። ደጁ ደንበኛ አይጣ... የሚመጣለት ማኪና ሁሉ ግን ድሮውኑ የሞተ ይሁንለት፣ "እሱ ነው የገደለው" የሚል ሰው እንዳይኖርበት።