ጅሩ ለሜሳ ሲንቄ የያዙትን እናት ቀድሞ ስለሄደበት መንገድ

የምስክሩ ስም፦ ቶላ ለሜሳ
ዕድሜ፦ 17
ሥራ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ
አድራሻ፦ ጎባ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ሮቤ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30
ምስክሩ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ስለሆነ እናቱ ወ/ሮ ማናልበሽ ገዛኸኝ አብረው ተቀምጠዋል።

ሟች ጅሩ ለሜሳ ታላቅ ወንድሜ ነው። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ጭነት አድራሽ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ እኔም ትምህርት በሌለኝ ቀን አብሬው እየሄድኩ አግዘው ነበር። የሞተው ከፊት ሆነው ይመሩን የነበሩት ወ/ሮ ሀዋኒ መንገድ ላይ ትተውት በመቅረታቸው ነው ስለሚባለው ተጠይቄ የማውቀውን እናገራለሁ።

ከአንገቱ ከተማ ወዲያ ጫካ ውስጥ ያለው ቀበሌ በታጣቂዎች ከተከበበ 26 ቀን ሆኖት ነበር። መኪና ስለማይገባ የሕፃናት አልሚ ምግብ የምናስገባው በፈረስ ነው። ከፊታችን ወ/ሮ ሀዋኒ ሲንቄ ይዘው ይሄዳሉ። ሲንቄ የኦሮሞ ሴት በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበለው በትር ነው። ሲንቄ የያዘች ሴት ባለችበት አይተኮስም፤ ማንም ወንድ ቀድሟት አይሄድም። በዚህ ዓይነት ሁለት ጊዜ ገብተን በሰላም ወጥተናል።

ቅዳሜ መጋቢት 13 ከጠዋቱ 1፡00 ሁለት ፈረስ ጭነን ከአንገቱ ተነሣን። 4፡00 ሰዓት ገደማ ወንዝ እንደተሻገርን ወ/ሮ ሀዋኒን ጉልበታቸውን አሟቸው ተቀመጡ። «የደከመው ጉልበቴ ነው እንጂ ሲንቄዬ አይደለም፤ ትንሽ ቆዩኝ ልጆቼ» አሉ። ወንድሜ አብሯቸው ሊቀመጥ ሲል እንቅደም ያልኩት እኔ ነኝ። «ሰኞ ፈተና ስላለብህ እኮ ነው፤ ለሕፃናቱ ያዘንክ አታስመስል» ብሎ ሳቀብኝና ተነሣ። ወ/ሮ ሀዋኒ «ጅሩ፣ ተው» ብለው ሲጣሩ ሰምቻለሁ። እሱ ከፊት ስለነበር አልሰማም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ሦስት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድን ከዛፎቹ ውስጥ አንድ ሰው በኦሮምኛ «ባለ ሲንቄዋ የታለች?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ እጁን አንሥቶ «ከኋላ ናቸው፣ እየመጡ ነው» አለ። ሁለት ጥይት ተተኮሰ፤ አንዱ ደረቱን መታውና ወዲያው ሞተ። ተኳሹን አላየሁም፣ ድምፁንም አላውቀውም።

ወ/ሮ ሀዋኒ እያነከሱ ደርሰው ሬሳው አጠገብ ሲንቄያቸውን ይዘው ሲቆሙ ተኩሱ አልተደገመም። እኔ ከወንድሜ ጋር ስቆይ እሳቸው ፈረሶቹን ጎትተው ምግቡን ቀበሌው አድርሰዋል። በጭነቱ ውስጥ ከምግብ በቀር ምንም አልነበረም።

ለቅሶ ቤት ለእናቴ «አዴ ሀዋኒ ትተውን ቀርተው ነው» ያልኳት እኔ ነኝ። ወሬው የወጣው ከኔ አፍ ነው። እሳቸው አልተዉንም፤ የተውናቸው እኛ ነን። እናቴ ይህን ስትሰማ አሁን ገና ነው።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኝ፣ የተናገርኩት እንደሆነና እውነት እንደሆነ አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ቶላ ለሜሳ፣ 4፡40
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ሻፊ
የእናት ፊርማ፦ ማናልበሽ ገዛኸኝ፣ ወጥተው ስለነበር 5፡20 ተመልሰው የፈረሙ